ጉንችሬ የወረደው ቫይረስ

ከሌላ ዓለም ለሚመጣ ፍጡር ልብስ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ሁለት ሜትር ተኩል። ሦስተኛ እጅ ካለው ትንሽ ይጨመራል። ይህን ጉብሬ ድረስ ሄዳችሁ ዩኒቨርሲቲውን ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ የለም። ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለችው ሱቄ ጎራ ብትሉ ግን ከነኪሱ እነግራችኋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ፍቃዱ እባላለሁ። እንጀራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ይመጡና «ሲያድግም እንዲሆነው ሰፋ አድርገው» ይሉኛል። ልጁ ያድጋል፣ ልብሱ ያጥራል፣ እኔ እወቀሳለሁ። ታዲያ በዚያ ግርግር መሀል ነው መቅደስ መጥታ «ጋሼ፣ ከህዋ ለሚመጣ ሰውዬ ልብስ ትሰፋልኛለህ?» ያለችኝ።

«በልኩ ነው ወይስ ሲያድግ እንዲሆነው?» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

መቅደስ የእማማ ፈለቀች የመጨረሻ ልጅ ናት። እማማ ፈለቀች ደግሞ ጉንችሬ አጠገብ ባለው መንደራችን፣ ከአባቴ ቤት አጥር የሚጋሩ፣ እኔንም በልጅነቴ ከልጆቻቸው እኩል የገረፉኝ ሴት ናቸው። መቅደስ ወልቂጤ ላይ ሰርግ ትቀርጻለች። ሙሽራን በአበባ መሀል ማዞር ሲሰለቻት ፊልም ልሥራ ብላ ተነሳች። ስለ ፍቅር ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ አይደለም አለች። ስለ ቫይረስ ነው። ከሩቅ ኮከብ የሚመጡ ፍጡራን ምድርን ይፈልጓታል። በቦምብ እንዳይመቷት ቤቱም ሱቁም ይፈርስባቸዋል። ስለዚህ ሰዉን ብቻ ጠርጎ ንብረቱን ሳይነካ የሚያስረክብ ቫይረስ ይለቃሉ። የጦር መሣሪያቸው እሱ ነው።

«ሱቁን ከነዕቃው?» አልኳት።

«ከነዕቃው» አለችኝ።

እነዚህ ፍጡራን የእኛ አገር ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ በልቤ ጠረጠርኩ።

ልብሱን ከዩኒፎርም በተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ሰፋሁላት። ሦስተኛውን እጅ ብጥስጣሽ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት። ለሰው ልክ ስትሰፉ ሰው ይቀርባል፤ የህዋ ሰው ግን ማን ያቀርብላችኋል? በራሴ ለካሁት። እጄ ልማድ ሆኖበት ኪስም አደረግኩለት። መቅደስ ስታየው ሳቀች፤ የህዋ ሰው ኪስ ምን ያደርግለታል አለች። ታዲያ ቫይረሱን በምን ይዞ ይመጣል? በጉያው? ብዬ ጠየቅኳት። ኪሱ እንዳለ ጸደቀ።

ፍጡሩን ይጫወታል የተባለው አንድ ቀጭን የባጃጅ ሹፌር ነበር። የቀረጻው ዕለት የገበያ ቀን ሆነና፣ በገበያ ቀን ባጃጄን አላቆምም ብሎ ቀረ። አልፈርድበትም። ግን ልብሱ በማን ልክ ነበር የተሰፋው? በእኔ። አዎ፣ እንዲህ ነው እኔ በሃምሳ ዓመቴ የሰው ዘርን ላጠፋ የመጣሁት።

መጀመሪያ መንኮራኩሩ የሚያርፍበት ቦታ ተፈለገ። ከጀፎረው የተሻለ የለም ተባለ። ጀፎረ በእኛ አገር በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ ሣራማ ጎዳና ነው፤ ሰርጉም ለቅሶውም ሸንጎውም እዚያ ነው። ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ይዘው መጡና፣ ጀፎረ የሁላችን ስለሆነ እዚህ ማረፍ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለሽማግሌ ይናገር አሉ። መቅደስ፣ ጋሽዬ እነዚህ እኮ ጠላቶች ናቸው፣ ሊያጠፉን ነው የመጡት ብላ አስረዳቻቸው። ጋሽ ወልዴ አሰቡበት።

«ጠላትም ቢሆን ይናገር» አሉ።

ተናገርኩ። ሦስቱንም እጄን አጣምሬ፣ ለጥ ብዬ እጅ ነስቼ፣ መንደራችሁን ላጠፋ ነውና ፍቀዱልኝ አልኩ። ተፈቀደልኝ። ጋሽ ወልዴ ሲሰናበቱኝ የጨበጡት ሦስተኛውን እጅ ነው።

የገበያው ቀረጻ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እኔ ጉንችሬ ገበያ መሀል ብቅ እላለሁ፣ ከኪሴ ብልቃጥ አወጣለሁ፣ ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ሰው ሁሉ ይወድቃል። ከዚያ ጭጭ። የነፋስ ድምፅ ብቻ። ሰዉም ሐሳቡን ወደደው፤ መውደቅ ማን ያቅተዋል? ጋሽ ወልዴ ብቻ አዲስ ጋቢ ስለለበሱ ጭቃ ላይ አልወድቅም ብለው ግንድ ተደግፈው፣ ቆመው ሞቱ። ብልቃጡን ስከፍት የቀረው ገበያተኛ ዘፍ ዘፍ አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ የገዛ ቫይረሴን ፈራሁት።

በዚህ መሀል ወሬውን ያልሰማ አንድ ገዢ አህያውን እየነዳ ደረሰ። በሬሳዎቹ መሀል እየተረማመደ ሄዶ ከወደቀች ቅቤ ነጋዴ ፊት ቆመና ቅቤው ስንት ነው አላት። ሴትዮዋ ሞታለች። ግን ገዢ ነዋ! ዓይኗን ሳትገልጥ ዋጋውን ነገረችው። ቀንሺ አላት። ሞቼም አልቀንስም አለችው። አጠገቧ የተዘረረችው ሟች በክርኗ ቀና ብላ፣ የእሷ የቆየ ነው፣ የእኔን ቅመሰው አለችው። ይኼኔ የመጀመሪያዋ ሟች ብድግ አለች። ምኑን ልንገራችሁ? በአንድ አፍታ ገበያው እንዳለ ከሞት ተነስቶ ይከራከራል። መቅደስ ራሷን ይዛ «ሞታችኋል እኮ!» ትላለች።

«ለገዢ አልሞትንም» አሏት።

እንደምንም ቆራርጣ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ ደህና ማስታወቂያ አወጣችለት። ጉንችሬ ገበያ ይታያል፤ ከሩቅ አንድ አረንጓዴ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ይረግፋል። መጨረሻ ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። አንድ ሥራ ፈት ደግሞ «በቅርብ ቀን» የሚለውን ቆርጦ ጣለና «ሰበር ዜና፤ ከህዋ የመጣ ቫይረስ ጉራጌን አጠቃ፤ የጦር መሣሪያ ነው ተብሏል» ብሎ፣ የለቅሶ ዋሽንት ጨምሮበት አሰራጨው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እኛ የጨመርንበት ነጭ ሽንኩርት ነው። ወልቂጤ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ድራሹ ጠፋ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ማስክ ከየመሳቢያው ወጣ። ከጉብሬ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር አረንጓዴውን ፍጡር በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ ብሎ ማለልኝ። ቁመቱስ አልኩት፤ ከመብራት ምሰሶ ይበልጣል አለ። መልኩስ? አስቀያሚ ነው አለ፣ እንዲህ ያለ አስቀያሚ አይቼ አላውቅም። ሳልደርስ ወረድኩ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ የባለቤቴ ወንድም ቡታጅራ ነው የሚኖረው። እሱም ደወለ። እኛ ቡታጅራዎች እንዲህ ባለ ተራ ወሬ አንደናገጥም አለኝ። ጎሽ አልኩት። ብቻ፣ አለኝ፣ ያን የሰፋህልኝን ሱሪ ፀሐይ ላይ ሰንበት አድርገውና በሚኒባስ ላከው። አንተ ራስህ እንዳትመጣ። ስታጥፈውም ፊትህን ወዲያ አዙረህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እኔ ጴንጤ ነኝ። በዚያ ሰሞን በጸሎት ላይ አንድ ወንድም ተነስቶ፣ ጌታ ሆይ ከአረንጓዴው ሰውዬ ሰውረን ብሎ ጮኸ። ከሁሉ የጎላው አሜን የእኔ ነበር። ምን ላድርግ? መቅደስ ፊልም ነው ብላ ደጋግማ ጽፋለች። ደብቂ ተብላ ነው አሉ። እኔም ልብሱን ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት፤ ያየው ሰው ሁሉ፣ ፍቃዱ ቆዳውን ገፈፈው ብሎ አወራልኝ።

እስከዚህ ድረስ ያስቅ ነበር። ከዚያ ሳህሌ ለእናቱ ደወለ።

ሳህሌ የእማማ ፈለቀች የበኩር ልጅ ነው። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳል፤ የእኔንም ጨርቅ የሚልክልኝ እሱ ነው። መስቀል ለእኛ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ሰው የትም ይክረም፣ ለመስቀል ይገባል። የመርካቶ ሱቅ ይቆለፋል፣ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል፣ እናቶች ከወራት በፊት ጀምረው ቅቤ ያጠራቅማሉ። እኔም ብሆን ደመራው ዘንድ አልቆምም፤ ክትፎው ዘንድ ግን እቀመጣለሁ። በጀፎረው ጥቂት ቤቶች ሆነን በሬ በቅርጫ እንገዛለን፤ የሚታረደው እማማ ፈለቀች ግቢ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቢላዋውን የሚይዘው ሳህሌ ነው። እሱ ሳይመጣ በሬው አይነካም፤ ሽማግሌዎቹም አይመርቁም። ሳህሌ ደግሞ ቀርቶ አያውቅም። በኮሮናው ዓመት እንኳ ማስክ በማስክ ላይ ደርቦ መጥቶ ክትፎውን በማስኩ ሥር አሾልኮ ነው የበላው።

ዘንድሮ ግን ለእናቱ፣ ልጆች አሉኝ፣ ቫይረሱ ያሰጋል፣ አንመጣም አለ።

እኔ ነገሩ አልተዋጠልኝም። ስለ ጨርቅ የምጠይቅ መስዬ ደወልኩለትና ትንሽ ስገፋው ተነፈሰ። «ፍቄ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ሆቴል ይዟል። ዓመቱን ሙሉ መርካቶ ቆሜ እውላለሁ አለ፤ መስቀል ሲመጣ ደግሞ የሠላሳ ዘመድ ዕቃ ጭኜ፣ ሠላሳ ዘመድ ጠይቄ፣ ከበዓሉ ስመለስ ከበዓሉ የሚያሳርፈኝ በዓል ያስፈልገኛል። «አንድ ዓመት እንኳ ልረፍ። እማዬን እንዳይከፋት ብዬ ነው። ይሄ ቫይረስ ደግሞ እግዜር የላከው ነው።»

አልሸሹም ዞር አሉ! እንደ ሰው አዘንኩለት። እንደ ቅርጫ አባል ግን ተናደድኩ።

ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩ። ግን ምን ዋጋ አለው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሳህሌ ቀረ ሲባል የጀፎረው የአዲስ አበባ ልጆች ሁሉ ቫይረስ መፍራት ጀመሩ። የአንዱ ሚስት አስም አለባት፣ የሌላው ሐኪም መንገድ ከልክሎታል። መቅደስ ፊልም ላይ የጻፈችው የጦር መሣሪያ መርካቶ ደርሶ እውነተኛ ተኳሽ አገኘ። የተተኮሰባቸው እናቶች ናቸው። መቅደስ ሱቄ መጥታ አለቀሰች። ወንድሜን ከእናቴ የለየሁት እኔ ነኝ አለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዱ ልጅ ይሸሻል፣ አንዷ ባልሠራችው ታለቅሳለች። እኔ ምስጢሩን እንደያዝኩ ውኃ አጠጣኋት።

በማግስቱ እማማ ፈለቀች ራሳቸው ከጉንችሬ በሚኒባስ ወልቂጤ መጡ። በርጩማው ላይ አረፍ እንዳሉ ከፌስታል ውስጥ ጨርቅ አወጡ። አበባ ጣል ጣል ያለበት፣ እጅ የሚያሳይ ስስ ጨርቅ። ቀሚስ ስፋልኝ አሉኝ፤ እጅጌው አጭር ይሁን።

ደነገጥኩ። የእኛ መንደር ብርዱን ታውቁታላችሁ? እማማ ነጠላ ላይ ጋቢ፣ ጋቢ ላይ ሹራብ ደርበው የኖሩ ሴት ናቸው። ለየት አገር ነው ብል፣ ለአዲስ አበባ አሉኝ። አዲስ አበባም እኮ በዚህ ቀሚስ ያንቀጠቅጣል ልል ነበር። ተውኩት። ደንበኛ ያዘዘውን መስፋት ነው።

ከዚያ ወሬያቸውን ጀመሩ። እንግዲህ የሚናገሩት በጉራጊኛ ነው፤ አማርኛውን ያለበስኩት እኔ ነኝ፣ ቢጠብ ቢሰፋም በእኔ ፍረዱ።

«ልጄ ቫይረስ አለ ብሎ ቀረ» አሉ።

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«ይሁን። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አገሩን ቫይረስ ጨረሰው የሚለኝ ልጅ፣ እማዬ አንቺስ ደህና ነሽ ወይ አላለኝም።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም አንገቴን ደፍቼ የሌለ ክር መፈለግ ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ምስጢር አልከበደኝም። ቢላዋውን ታዲያ ማን ሊይዝ ነው አልኳቸው።

«አንተስ እጅ የለህም? ሦስተኛ ሁሉ ሰፍተሃል አሉ» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። «በሬው እንደሆነ አይከፋውም። በል ስልኩን ደውልልኝ።»

ደወልኩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ሳህሌ፣ እውነትህን ነው» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «አገሩ ታሟል። እኔ ወደ እናንተ ልምጣ። ብቻዬን ነኝ። ጥግ ላይ ብታስቀምጡኝ ይበቃኛል።»

ሳህሌ ወዲያ ማዶ ተንተባተበ።

«እማዬ… ቤቱ እኮ ጠባብ ነው… ደግሞ በበዓሉ እኛም ቤት ላንኖር እንችላለን…»

«የት ልትሆኑ?»

«አይ… ማለቴ… ሆስፒታል። ለምርመራ።»

የእማማ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ለስላሳው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። በልጅነቴ አጥር ዘልዬ ሲይዙኝ የነበረው ድምፅ መጣ።

«እንግዲያው ስማኝ! የጀፎረው ሰው ተማክሯል። በጤናው ያለ ሁሉ ወደ አንተ ይሸሻል። ጋሽ ወልዴ ይመጣሉ። አክስቶችህ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። በሬውንም ጭነናል።»

«በሬ?! እማዬ፣ እኔ እኮ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው!»

«ደረጃ ይለምዳል።»

ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩና በእጃቸው ጠቀሱኝ። ገባኝ። ሳልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ከልቤ ነው የሳልኩት።

«ማነው የሚያስለው?» አለ ሳህሌ በድንጋጤ።

«ፍቃዱ ነው» አሉት። «አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። እሱንም ይዘነው እንመጣለን።»

ስልኩ ተዘጋ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እማማ ግን አልሳቁም። ቀሚሱ መቼ ይደርሳል ብለው ጠይቀው ሄዱ። እኔ ሞኙ፣ ይቺ ሴትዮ የጦር አዛዥ ናት፣ ዘመቻዋን ከልብሱ ነው የጀመረችው ብዬ አደነቅኩ።

ዘዴዋ ከቫይረሱም በላይ ተዛመተች። ያን ዕለት ማታ በጀፎረው የቀረ እናት የለም፤ ሁሉም ስልክ ይዞ «ነገ እንመጣለን» ይላል። አንዷ ዶሮዎቿን ቆጥራ አስመዘገበች። አንዷ፣ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ነው ግን ግድ የለም፣ የእናንተን ግቢ ቆፍረን እንቀብረዋለን አለች። የቆጮ ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ሰምቶ እንዴት ይተኛል?

አልተኙም። በበዓሉ ዋዜማ ከወልቂጤ እስከ ጉንችሬ ያለው መንገድ በመኪና ተሞላ። አስሙም ዳነ፣ ሐኪሙም ፈቀደ። እኔ የተሰፋውን ቀሚስ ልሰጥ እማማ ቤት ነበርኩ። እማማ ቀሚሱን ተቀብለው፣ ጠረኑን ሳብ አድርገው፣ በአንዲት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አጥፈው አስቀመጡት። የተዘጋጀች ቦርሳ ናት። አስመሳይነቱን እስከ ጥግ ወሰዱት አልኩ በልቤ። ይኼኔ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ሳህሌ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ከመኪናው ዘለለ። ሚስቱና ልጆቹ ተከተሉት።

«መጣሁ! እማዬ መጣሁ! በሬውን እንዳታንቀሳቅሱት!»

እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው አዩት። ለአፍታ ፊታቸው ክው አለ። ደስታ ነው አልኩ፤ ደስታም እኮ ሲበዛ ያስደነግጣል። ከዚያ አቅፈው ሳሙት፣ ቦርሳዋን በእግራቸው ወደ አልጋው ሥር ገፉና ወደ ቅቤያቸው ሄዱ።

የዘንድሮውን መስቀል ምን ብዬ ላውራላችሁ? ሳህሌ ቢላዋውን ያዘ፣ ጋሽ ወልዴ መረቁ፣ በሬው ታረደ። ክትፎው፣ አይቤው፣ ጎመኑ፣ ቆጮው! ሳህሌ ሐዋሳን ረሳ፤ ቢያንስ አፉ ሙሉ እስካለ ድረስ ረሳ። መቅደስም ፊልሟን የምትጨርስበት መላ አጥታ ነበር፤ በማግስቱ ካሜራዋን ይዛ እናቷን ጀፎረው ላይ አቆመቻቸው። እኔ አረንጓዴዬን ለበስኩ። እማማ ወደ መንኮራኩሩ ይመጣሉ፤ ቫይረሱ ስላስቸገረን ወደ እናንተ ኮከብ ልንሸሽ ነው ይሉኛል፤ ከኋላቸው መንደሩ ከነበሬው፣ ከነዶሮው፣ ከነቆጮው ተሰልፏል። እኔም ብልቃጤን ኪሴ ከትቼ እግሬ አውጪኝ እላለሁ። ምድር ዳነች። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔም በዚያ ምሽት ሆዴ ሞልቶ፣ ልቤ ሞልቶ፣ ትልቅ ትምህርት አገኘሁ ብዬ ደመደምኩ። ምን ቢመጣ፣ ከሰማይም ከምድርም ቢመጣ፣ የእኛን እናት በመስቀል ቀን ከልጇ የሚለይ መሣሪያ አልተሠራም! ይህችን ዐረፍተ ነገር ለምሰፋለት ሰው ሁሉ ስናገራት ሰነበትኩ። ለአንድ መምህር ደንበኛዬ ስነግረው እንባ አቅርሮ ነበር።

በዓሉ አልፎ እንግዳው ሁሉ ወደ መርካቶው ሲመለስ፣ እማማን ልሰናበት ገባሁ። ግቢው ዝም ብሏል። የታጠበና ያልታጠበ የክትፎ ጣባ እንደ ክምር ቆሟል። መቅደስ ጓሮ ዕቃ ታጥባለች። እማማ ደጃፉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። እጃቸው በቅቤና በአመድ ተሰነጣጥቋል። ከኋላቸው፣ ምስማር ላይ፣ ያቺ አበባ ጣል ጣል ያለባት ቀሚስ ተንጠልጥላለች። አንድም ቀን አልተለበሰችም።

«እማማ፣ ድል አደረጉ» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሳህሌን ነዋ! አመጡት።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ያን ዕለት መጀመሪያ ሲደውልልኝ፣ ትንሿ ልጁ ስልኩን ነጥቃው ነበር» አሉ። «አያቴ፣ እኛ እኮ ሐዋሳ ሐይቅ ልንሄድ ነው አለችኝ። ጀልባ አለ አለችኝ። ዓሣም አለ።»

ክው አልኩ። ያ ሁሉ የጠበቅኩት ምስጢር፣ ያ ሁሉ መሐላ! ለካ ከእኔ በፊት ያውቁ ኖሯል።

«ታዲያ ተናደው ነዋ ያን ሁሉ ያደረጉት» አልኩ።

«ምን ያናድደኛል? ካገባሁ ጀምሮ በመስቀል ቀን ቁጭ ብዬ አላውቅም። ሌላው ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እኔ እሳት ዳር ነኝ። እሱ ደከመኝ ካለ እኔስ?» ዞር ብለው ቀሚሷን አዩአት። «ሐዋሳ ይሞቃል አሉ።»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የተገለጠልኝ። ስስ ጨርቅ። አጭር እጅጌ። ትንሽ ቦርሳ። ብቻዬን ነኝ፣ ጥግ ላይ ብታስቀምጡኝ ይበቃኛል። ዕድሜ ልኬን ሰው ስለካ ኖሬ፣ ለየት አገር እንደሚሰፋ ያልገባኝ ይህ አንድ ቀሚስ ነው። ልቤ አዘነ። በሳህሌ አልፈረድኩም፤ እሱም አልገባውም፣ እንዴት ይግባው? በሬውን ብቻ ነው የሰማው።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው በግልጽ አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«እናት ደከመኝ ትላለች እንዴ? ደግሞም ከመጣ በኋላ ምን እላለሁ? ልጄ ነው። ደስ ብሎኛል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደስ ብሏቸዋል። ወገባቸውን ግን ደስ አላለውም።

ተነስቼ ልሄድ ስል ወደ ጓሮው አንገታቸውን አሰገጉ፤ መቅደስ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያችን ልጅ አንተ ንገርልኝ፣ እኔ አፍሬ ነው» አሉ። «ለከርሞው ስትሠራ፣ ቫይረሱን ትንሽ ጠንከር አድርጋ ትሥራው።»